የሪሊንግተን ፕሌስ ነፍሰ ገዳይና በቃሉ የተሰቀለው ጎልማሳ



ብዙ ሰው ስለ ፈጀ ወንጀለኛ ሲነገር ጆሯችን ፈጥኖ የሚያዘነብለው ወደ ደሙ ነው፤ ስንት ገደለ፣ በምን ገደለ፣ ሬሳውን ወዴት ሸሸገ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ስለ ጆን ሬጂናልድ ክሪስቲ ስናገር ይህን ሁሉ አልሰውርባችሁም፤ ነገር ግን ከነፍሰ ገዳዮች ሁሉ መካከል እሱን መርጬ በፊታችሁ የቆምሁበትን ምክንያት ከወዲሁ ልግለጽ፤ ይኸውም ይህ ሰው ሁለት ሴቶችን ገድሎ በጓሮው ከቀበረ በኋላ፣ እንግሊዞች በሚመኩበት በታላቁ የወንጀል ችሎት ለመንግሥት ምስክር ሆኖ ቆሞ፣ ቃሉ ታምኖለት፣ በአንድ ጣራ ሥር አብሮት ይኖር የነበረ ያልተማረ ጎልማሳ በስቅላት እንዲሞት ማድረጉ ነው። በእጁ የገደላቸው ሴቶች ታሪክ ያሳዝናል፤ በአንደበቱ ያስገደለው ሰው ታሪክ ግን ከማሳዘን አልፎ ያስፈራል፤ በዚህኛው ሞት ዳኛውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ሚኒስትሩም ሳያውቁ ተካፋይ ሆነዋልና። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ክሪስቲ የተወለደው በ1899 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር አውራጃ፣ በሃሊፋክስ ከተማ አጠገብ ነው። አባቱ የምንጣፍ ንድፍ አውጪ፣ ልጆቹን ከፍቅር ይልቅ በፍርሃት የሚገዛ ጥብቅ ሰው ነበር። ልጁ በትምህርቱ ንቁ ሆኖ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከልም ይዘምር፣ ከቦይ ስካውት ማኅበርም ጋር ይሰለፍ ነበር። ብዙዎች የነፍሰ ገዳይን ምሥጢር በልጅነቱ ውስጥ ለማግኘት ይደክማሉ፤ እኔ ግን ጥብቅ አባት ያሳደጋቸው አያሌ ሰዎች ቅን ሆነው ኖረው እንዳለፉ ስለማውቅ፣ በዚህ ነገር ብዙ ልዘገይ አልወድም። ከልጅነቱ ይልቅ ለታሪካችን የሚጠቅመው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የደረሰበት ነገር ነው፤ በ1918 በፈረንሳይ ምድር በመርዝ ጋዝ ተጎድቶ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ተዘጋ፤ ከዚያም በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ዝግ ባለ፣ ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ ይናገር ነበር። ይህ የቈሰለ ወታደር ድምፅ ከብዙ ዓመታት በኋላ በችሎት ፊት ምን ያህል እንደ ጠቀመው ወደፊት ታያላችሁ።

በ1920 ኤቴል የምትባል ሴት አገባ። በሚቀጥለው ዓመት የፖስታ አመላላሽ ሆኖ ሲሠራ የሰው ገንዘብ ሰርቆ ታሰረ፤ ከዚያም በ1924 በሌላ ስርቆት፣ በ1929 አብራው ትኖር የነበረችን ሴት በክሪኬት መጫወቻ ዱላ ራሷን መትቶ፣ በ1933 ደግሞ የአንድ ቄስ አውቶሞቢል ሰርቆ ወኅኒ ወረደ። ለዓመታት ተለይታው የነበረችው ሚስቱ ከዚህ በኋላ ተመልሳ አብራው መኖር ጀመረች፤ በ1938ም በምዕራብ ለንደን፣ ኖቲንግ ሂል በሚባለው ሠፈር፣ በሪሊንግተን ፕሌስ 10 ቍጥር ቤት ምድር ቤቱን ተከራዩ። ዛሬ ባለጸጎች የሚኖሩበት ያ ሠፈር በዚያን ጊዜ የድኾች መኖሪያ ነበር፤ መንገዱ መውጫ የሌለው፣ ቤቱ ጠባብና ባለሦስት ደርብ፣ መጸዳጃውም የተከራዮች ሁሉ የጋራ ሆኖ ከውጭ በጓሮ በኩል የተሠራ፣ በአጠገቡም አንዲት ትንሽ የልብስ ማጠቢያ ክፍል የነበረችበት ነው። ይህችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል በልቡናችሁ ያዙልኝ።

በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የለንደን ፖሊስ ተጨማሪ ሰዎችን ለጦርነቱ ዘመን ሲቀጥር ክሪስቲ አመለከተ፤ የኋላ ታሪኩንም የመረመረ ሰው ስላልነበረ፣ አራት ጊዜ ታስሮ የወጣው ሌባ የሕግ አስከባሪ መለዮ ለበሰ። መለዮውን በመንፈቅ ወይም በዓመት አላወለቀውም፤ እስከ 1943 መጨረሻ ድረስ በፖሊስነት ቈየ፤ የመጀመሪያ ርዳታ አሰጣጥም ተምሮ ምስክር ወረቀት ስለ ተቀበለ፣ ሠፈርተኛው በአንድ በኩል እንደ ፖሊስ፣ በሌላ በኩል ስለ ሕክምና እንደሚያውቅ ሰው ይመለከተው ነበር። መነጽር ያደረገ፣ ራሱ መላጣ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ አለባበሱ ንጹሕ ነበር።

ይህን የፖሊስ መለዮ ለብሶ ሳለ ነው በነሐሴ 1943 የመጀመሪያውን ነፍስ ያጠፋው። ሟቿ በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ትሠራ የነበረች፣ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙም ያልራቀ፣ ከኦስትሪያ የመጣች ስደተኛ ነበረች፤ ሚስቱ ወደ ዘመዶቿ በሄደችበት ቀን ወደ ቤት አግብቶ አንቆ ገደላትና በጓሮው ቀበራት። በሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት ወር አብራው በራዲዮ ፋብሪካ ትሠራ የነበረችን ሴት፣ አፍንጫዋን የሚዘጋትን ሕመም የሚያድን መድኃኒት አውቃለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ጋበዛት፤ የመድኃኒት ሽታ ያለው እንፋሎት ስትስብ በውስጡ ከቤቱ የጋዝ ቧንቧ የተቀጠለ መርዘኛ ጋዝ አስገብቶ ራሷን ካሳታት በኋላ አንቆ ገደላት። እሷም በጓሮው ተቀበረች። ቦንብ ቤቶችን በሚያፈርስበት፣ ሰው ሳይሰናበት ከቦታ ቦታ በሚፈልስበት በዚያ ከተማ የሁለት ሴቶች መጥፋት ብዙ ፈላጊ አላስነሣም። ክሪስቲም አትክልቱን ሲኮተኵት ያገኘውን የአንዲቱን የጭን አጥንት ለጓሮው አጥር ድጋፍ አድርጎ አቆመው፤ አጥንቱም በዚያው በገሃድ ቆሞ ዓመታት አለፉ።

በ1948 የፋሲካ ሰሞን ላይኛውን ደርብ ተከራይተው ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ገቡ። ባልዮው ቲሞቲ ኤቫንስ ይባላል፤ በዌልስ አገር የከሰል ማዕድን በሚቈፈርበት ሸለቆ የተወለደ፣ በልጅነቱ በእግሩ ላይ በወጣ የነቀርሳ ቍስል ምክንያት ዓመታትን በሆስፒታል አሳልፎ ትምህርቱን ያልተማረ፣ ከስሙ በቀር መጻፍ የማይችል የመኪና ነጂ ነበር። ኑሮውን ሊያሳምር ሲል ዋሾ፣ ሲጠጣም ቍጡ እንደ ነበር ወዳጆቹም አልካዱም፤ ይህም ጠባዩ በኋላ ጎዳው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሚስቱ ቤሪል፣ ጄራልዲን የምትባል ሴት ልጅ ወለደች፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንደገና ፀነሰች፤ ዕዳ ያጎበጣቸው ስለ ነበሩ ፅንሱን ለማስወረድ አሰበች፤ በዚያን ዘመን ግን ማስወረድ በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ነበረ። ኤቫንስ እንደ ተናገረው፣ ምድር ቤት የሚኖረው ሕክምና ዐዋቂ ጎረቤት እኔ እረዳችኋለሁ ያለው በዚህ ጊዜ ነው።

ኅዳር 8 ቀን 1949 ኤቫንስ ከሥራ ሲመለስ ክሪስቲ በደረጃው ላይ ጠብቆ ነገሩ እንዳልተቃናና ሚስቱ እንደ ሞተች ነገረው፤ ሬሳውን እኔ እሰውርልሃለሁ፣ ሕፃኒቱንም የሚያሳድጉ ደጋግ ባልና ሚስት አውቃለሁ፣ አንተ ግን ከዚህ ከተማ ውጣ አለው። ይህ ወጣት የማያነብ፣ የደነገጠ፣ ማስወረዱ ወንጀል መሆኑን የሚያውቅ ነበር፤ የመከረው ደግሞ ፖሊስ ሆኖ የኖረ ታላቁ ነው። የቤቱን ዕቃ ሸጦ ወደ ዌልስ ወደ ዘመዶቹ ሄደ፤ ነገር ግን ኅሊናው ዕረፍት ስለ ነሣው በኅዳር 30 ቀን ራሱ ወደ መርተር ቲድፊል ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ሚስቴ ሞታለች፣ ሬሳዋንም በቤቱ ደጅ ባለው የፍሳሽ ጕድጓድ ከትቼዋለሁ አለ። ክሪስቲን ለማዳን ሲል ማስወረጃ መድኃኒት የሰጠኝ የማላውቀው መንገደኛ ነው የሚል ተረት ጨመረበት። የለንደን ፖሊሶች ሄደው የጕድጓዱን ክዳን ለማንሣት ሦስት ሰው አስፈለገ፤ ውስጡም ባዶ ነበር። ይህን ሲነግሩት ነው ኤቫንስ ቃሉን ለውጦ የክሪስቲን ስም የጠራው።

በታኅሣሥ 2 ቀን ፖሊስ ቤቱን ሲፈትሽ በልብስ ማጠቢያዋ ክፍል የቤሪልና የአንድ ዓመት ከአንድ ወር ሕፃን የነበረችው የጄራልዲን ሬሳ ተገኘ፤ ሁለቱም ታንቀው ነው የሞቱት። ኤቫንስ ወደ ለንደን ተወስዶ፣ በሕይወት አለች ብሎ የሚያስባት ልጁ መገደሏን በዚያች ሰዓት ሰምቶ፣ በዚያው ሌሊት ሁለቱንም የገደልሁ እኔ ነኝ ብሎ አመነ። ለምን? በኋላ ለችሎቱ እንደ ተናገረው፣ ልጁን ካጣ በኋላ ሌላ የሚያስቀረው ነገር ስላልነበረ፣ ደግሞም ካላመነ ፖሊሶች ይደበድቡኛል ብሎ ስለ ፈራ ነበር። የእምነት ቃሉን ቶሎ ቢያፈርስም የተጻፈው ተጽፎ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር የሚገባኝ ነገር አለ። ፖሊሶቹ በዚያን ቀን በጓሮው ቆመዋል፤ አጥሩን የደገፈውም የሰው የጭን አጥንት እዚያው ነበረ፤ ማንም አላየውም። በዚያው ሰሞን የክሪስቲ ውሻ ከመሬት ጭራ ያወጣችውን የራስ ቅል እሱ በካፖርቱ ሸሽጎ ወስዶ ቦንብ ባፈረሰው ቤት ውስጥ ጣለው፤ ልጆች ሲጫወቱ አግኝተውት ወደ ፖሊስ ቢመጣም በአየር ድብደባ የሞተ ሰው ነው ተብሎ ታለፈ። የልብስ ማጠቢያዋን ክፍል ዕቃ ማስቀመጫ አድርገው ቤቱን ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞችም ሬሳዎቹ ተሸሸጉ በተባለበት ጊዜ ክፍሏ ባዶ እንደ ነበረች በመጀመሪያ የሰጡት ቃል በችሎት ፊት አልቀረበም። ወንጀለኛው ተገኝቷል ብሎ ልቡን የደመደመ መርማሪ ዐይኑ ቢከፈትም አያይም።

ጥር 11 ቀን 1950 ኦልድ ቤይሊ በሚባለው ችሎት ኤቫንስ ልጁን ገድለሃል ተብሎ ቀረበ፤ በዚያን ዘመን ሥርዐት በአንድ ክስ አንድ ግድያ ብቻ ይታይ ነበርና። ዐቃቤ ሕጉ ክሪስማስ ሃምፍሪስ ዋና ምስክር አድርገው የጠሩት ክሪስቲን ነው። ዳኛው ወንበር እንዲሰጠው አዘዙ፤ በጋዝ የተጎዳው ድምፁ፣ በሁለት ጦርነቶች ለአገሩ ማገልገሉ፣ የቀድሞ ፖሊስነቱ ተጠቀሰለት። የተከሳሹ ጠበቃ ማልኮም ሞሪስ የገደለው አንተ ነህ ብለው ሲጠይቁት በዝግታና በትሕትና ካደ፤ ሌሊት ከላይ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ ብሎም መሰከረ። የቀድሞ ወንጀሎቹ ቢወሱ እንኳ ዘመናቸው እንዳለፈ፣ ሰውየውም ከዚያ ወዲህ ቀና ኑሮ እንደ ኖረ ተቈጠረ። ከእሱ በኋላ የቆመው ኤቫንስ ደግሞ ሦስት ጊዜ ቃሉን የለወጠ፣ ክሪስቲ ለምን እንደ ገደለ ሲጠየቅ ሊናገር የማይችል፣ የተጨነቀ ያልተማረ ሰው ነበር። የጁሪው ሰዎች ለምክር ወጥተው በ40 ደቂቃ ተመለሱ፤ ጥፋተኛ ነው አሉ። መጋቢት 9 ቀን 1950 በፔንተንቪል ወኅኒ ተሰቀለ። ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ያደረገው ክሪስቲ ነው ከማለት አልተመለሰም።

ክሪስቲ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1952፣ ሚስቱን በአልጋዋ ላይ አንቆ ገድሎ በሳሎኑ ወለል ሳንቃ ሥር ቀበራት፤ ለዘመዶቿ በእጇ ላይ ቍርጥማት ስለ ተነሣባት መጻፍ አልቻለችም ብሎ እሱ ጻፈላቸው፤ የባንክ ገንዘቧንም ፊርማዋን አስመስሎ ወሰደ። ከዚያም ከጥር እስከ መጋቢት 1953 ባሉት ወራት ውስጥ ሦስት ሴቶችን፣ ሦስቱም ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸውን፣ ኑሮ የከበዳቸውንና መጠጊያ የሌላቸውን፣ እያባበለ ወደ ቤቱ አምጥቶ በዚያው በጋዝና በማነቅ ገደላቸው፤ ሬሳቸውንም በኵሽናው ግድግዳ ውስጥ በነበረ ሥርጕድ ቦታ ከትቶ በግድግዳ ወረቀት ለጠፈበት። እነዚህ አራት ሴቶች የሞቱት ኤቫንስ ክሪስቲ ነው ብሎ ለፖሊስ ከተናገረ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ያንን ጓሮ በአካፋ ቈፍሮ ቢሆን ኖሮ አራቱም በሕይወት ይኖሩ ነበር፤ ኤቫንስም አይሰቀልም ነበር። ይህን ነገር ባሰብሁት ቍጥር ልቤ ይቃጠላል።

መጋቢት 20 ቀን ክሪስቲ የራሱ ያልሆነውን ቤት ለሌሎች አከራይቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ጠፋ። የቤቱ ባለቤት ይህን ደርሶበት ተከራዮቹን አስወጣና፣ ላይኛው ደርብ ለሚኖር ከምዕራብ ኢንዲስ ደሴቶች ለመጣ ሰው ኵሽናውን እንዲጠቀምበት ፈቀደለት። መጋቢት 24 ቀን ይህ ሰው ራዲዮኑን የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ሊመታ ግድግዳውን ሲያንኳኳ አንዱ ቦታ ባዶነት ተሰማው፤ ወረቀቱን ላጥ አድርጎ በባትሪ መብራት ቢመለከት የሰው ጀርባ አየ። ፖሊስ ሲመጣ ከግድግዳው ሦስት፣ ከወለሉ ሥር አንድ፣ ከጓሮው ደግሞ የሁለት ሰዎች አፅም ወጣ።

የክሪስቲ ሥዕል በየጋዜጣው ወጥቶ መላው እንግሊዝ ሲፈልገው፣ እሱ በኪንግስ ክሮስ አጠገብ ባለ የድኾች ማደሪያ በእውነተኛ ስሙ ተመዝግቦ ጥቂት ቀን አደረ፤ ቀጥሎም በየመንገዱና በየካፌው ተንከራተተ። ስለ አያያዙ ብዙ የሚነገር ጀብዱ የለም። መጋቢት 31 ቀን ማለዳ ቶማስ ሌጀር የሚባል ተራ ፖሊስ በፐትኒ ድልድይ አጠገብ በቴምዝ ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃ የሚመለከት ያደፈ ሰው አይቶ ማንነቱን ጠየቀው፤ ሐሰተኛ ስም ነገረው፤ ፖሊሱ ባርኔጣህን አውልቅ ቢለው መላጣው ተገለጠ። በዚህም ተያዘ።

በሰኔ 1953 ከሦስት ዓመት በፊት በምስክርነት በቆመበት በዚያው ችሎት አሁን ተከሳሽ ሆኖ ቀረበ። የተከሰሰው በሚስቱ ግድያ ነበር፤ ጠበቃው እብድ ነው ብሎ ለማዳን ስለ ፈለገ የገደላቸውን ሁሉ በራሱ አንደበት ዘረዘረ፤ ከእነዚህም ውስጥ ቤሪል ኤቫንስን እኔ ገደልሁ አለ፤ ሕፃኒቱን መግደሉን ግን እስከ መጨረሻው አላመነም። ጁሪው ጤነኛ ነው ብሎ ፈረደበት፤ ሐምሌ 15 ቀን በፔንተንቪል ተሰቀለ። የሰቀለውም ኤቫንስን የሰቀለው አልበርት ፒርፖይንት ነበር።

እንግዲህ በአንዲት ጠባብ ቤት ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ በአንድ ዓይነት መንገድ ሴት አንቀው ይገድሉ ነበር ብሎ ማመን የሚቻል ነውን? የመንግሥት ባለሥልጣኖች ለዓመታት ይህን ሊያሳምኑ ሞክረዋል። ሰር ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ በ1948 በፓርላማ ስለ ሞት ቅጣት ሲከራከሩ፣ ንጹሕ ሰው በስሕተት ይሰቀላል የሚለውን ሥጋት እንደ ሕልም ቈጥረውት ነበር፤ በ1953 የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆነው ሳሉ ጉዳዩን እንዲመረምሩ የሾሟቸው ስኮት ሄንደርሰን በጥቂት ቀን ሥራ ኤቫንስ ሁለቱንም ገድሏል ብለው ጻፉ። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ኤቫንስን ከሞት ለማዳን ያልፈቀዱት የቀድሞው ሚኒስትር ቹተር ኢድ በ1955 በምክር ቤት ተነሥተው ስሕተት መፈጸሙን ተናገሩ፤ ለዚህም ድፍረት አከብራቸዋለሁ፤ የሥልጣን ሰው በራሱ ፊርማ የሞተን ሰው ጉዳይ ሲያነሣ ማየት የተለመደ አይደለምና። ሉዶቪክ ኬኔዲ የሚባለው ጸሐፊ በ1961 ስለ ሪሊንግተን ፕሌስ ባሳተመው መጽሐፍ ምርመራው የሳተበትን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣ። ይህ ጉዳይና በእነዚያው ዓመታት የተፈጸሙ ሌሎች ስቅላቶች የእንግሊዝን ሕዝብ ልብ ስላናወጡ በ1965 በግድያ የሞት ቅጣት ለአምስት ዓመት እንዲታገድ ታወጀ፤ በ1969ም ፈጽሞ ተሻረ።

ሁለተኛው መርማሪ ዳኛ ብራቢን በ1966 ያወጡት ውሳኔ እንግዳ ነበር፤ ኤቫንስ ልጁን አልገደለም፣ ሚስቱን ግን ሳይገድል አልቀረም አሉ። የተሰቀለው ግን በልጁ ግድያ ስለ ነበረ በዚያው ዓመት ጥቅምት የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሮይ ጄንኪንስ ለንግሥቲቱ አቅርበው ከሞተ በኋላ ምሕረት አሰጡት፤ አፅሙም ከዚያ አስቀድሞ ከወኅኒው ወጥቶ በካቶሊኮች መካነ መቃብር በክብር ተቀብሮ ነበር።

ምሕረት ግን ለበደለ የሚሰጥ ነው፤ ፍርዱን አይሽርም። ስለዚህ ቤተ ዘመዶቹ ፍርዱ ራሱ እንዲሻር ጠየቁ። በ2004 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኤቫንስ ሚስቱንም ልጁንም እንዳልገደለ ተቀበለ፤ ሆኖም ጉዳዩን ወደ ይግባኝ ችሎት መልሶ ለመውሰድ የሚጠይቀው ወጪና ድካም የሚገባ አይደለም ብሎ ጥያቄውን አልፈቀደም። በእኔ አስተያየት ይህ ውሳኔ ከመጀመሪያው ፍርድ ቀጥሎ በዚያ ቤተሰብ ላይ የተፈጸመ ሁለተኛ በደል ነው። ጥር 1950 በ40 ደቂቃ የተሰጠው ፍርድ እስከ አሁን ድረስ አልተሻረም።